የሰውነት ትምህርትና ትዝታ
በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በትምህርት ስለሚገኘው በሽታ የመከላከል ኃይል የቀረበ ንግግር



ሕፃን ታቅፈው ወደ ክትባት ጣቢያ የሚመጡ እናቶች ዘወትር የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ልጁ አንድ ጊዜ ከተወጋ በኋላ ደግሞ ደጋግሞ መምጣት ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተራ ቢመስልም በመሠረቱ ጥልቅ ነው። መልሱ «ቀጠሮው ስለሆነ» ተብሎ ሲታለፍ እናቲቱ ትእዛዝ እንጂ ምክንያት ይዛ ወደ ቤቷ አትመለስም። ምክንያቱ ያልታወቀ ትእዛዝ ደግሞ የአዝመራ ወቅት፣ የመንገድ ርቀት ወይም የቤት ችግር ሲጋፋው በቀላሉ ይዘነጋል። ስለሆነም የሰው ሰውነት በሽታን እንዴት እንደሚማርና እንዴት እንደሚያስታውስ አጥርቶ ማወቅ ለሕክምና ባለሙያ የዕውቀት ጌጥ ብቻ ሳይሆን የዕለት ሥራው መሣሪያ ነው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱ ዘቦች

ሰውነት በሽታን የሚከላከልባቸው ሁለት ኃይሎች አሉት። አንደኛው ከልደት ጀምሮ አብሮ ያለ ነው። ቆዳ፣ እንባ፣ ምራቅ፣ የጨጓራ አሲድ፣ እንዲሁም ያገኙትን ባዕድ ነገር የሚውጡ ነጭ የደም ሕዋሳት የዚህ ክፍል ናቸው። ይህ ኃይል ፈጣን ነው፤ ጀርም በገባ በደቂቃዎችና በሰዓቶች ውስጥ ሥራውን ይጀምራል። ነገር ግን የሚያውቀው የጀርሞችን የወል መልክ እንጂ የእያንዳንዱን ልዩ ምልክት አይደለም። ያንኑ ጠላት መቶ ጊዜ ቢገጥመው በመቶኛውም ጊዜ የሚዋጋው ከሞላ ጎደል እንደ መጀመሪያው ነው።

ሁለተኛው ኃይል በትምህርት የሚገኝ ነው። ለመነሣት ቀናት ይፈጅበታል፤ ነገር ግን ጠላቱን ለይቶ ያውቃል፤ ያወቀውንም አጥብቆ ይይዛል። የዚህ ንግግር ጉዳይ ይኸኛው ነው።

የዚህ ትዝታ መኖር ሳይንስ ሳይመረምረው በፊት በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ430 ዓመት አቴናን ስለመታው ወረርሽኝ የጻፈው ቱሲዲደስ፣ ለሕሙማን ያለ ፍርሃት ይራሩ የነበሩት ከበሽታው የዳኑት መሆናቸውን፣ በሽታውም ያንኑ ሰው ለሞት በሚያደርስ ሁኔታ ሁለት ጊዜ እንደማይይዝ አስፍሯል። በኢትዮጵያም ከፈንጣጣ ሕመምተኛ ቁስል በጥቂቱ ወስዶ በጤነኛው ሰው ቆዳ ውስጥ በማስገባት፣ በቀላሉ ታሞ ከከባዱ እንዲድን የማድረግ ልማድ እንደነበረ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሰሜኑ አገር የተቀመጡ የውጭ ሰዎች ጽፈው አቆይተዋል። «ክትባት» የሚለው ቃል ራሱ «ከተበ»፣ ማለትም «ጻፈ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ነው። ቃሉ ካወጡት ሰዎች ሐሳብ እንኳ አልፎ ለእውነቱ የቀረበ ሆኗል፤ በክትባት ጊዜ በሰውነት ውስጥ በእርግጥ የሚጻፍ ነገር አለና።

ጽሑፉ ምን ያህል ዘመን እንደሚቆይ ከሁሉ አብልጦ ያሳየው በ1846 በፋሮ ደሴቶች የደረሰው ነገር ነው። በዚያ ዓመት ኩፍኝ ወደ ደሴቶቹ ገብቶ ከ7,782 ነዋሪዎች መካከል ወደ 6,000 የሚሆኑትን ያዘ። የዴንማርክ መንግሥት የላከው ወጣቱ ሐኪም ፒተር ሉድቪግ ፓኑም ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ሲመረምር አንድ አስደናቂ ነገር አስተዋለ። ኩፍኝ ከዚያ በፊት በደሴቶቹ ላይ የታየው በ1781 ነበር፤ በዚያን ጊዜ በልጅነታቸው ታመው የነበሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ከ65 ዓመት በኋላ አንዳቸውም በበሽታው አልተያዙም። በመካከሉ ኩፍኝ በደሴቶቹ ስላልነበረ ትምህርቱን የሚያድስላቸው አጋጣሚ አልነበረም ማለት ነው። ሰውነት ያንን ያህል ዘመን አስታውሶ ነበር።

ያልታየ ጠላት እንዴት ይታወቃል?

የዚህ ኃይል ዋና ሠራተኞች ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። ሁለት ወገን አላቸው። ቢ ሊምፎሳይት በአጥንት መቅኔ ውስጥ ተወልደው እዚያው የሚያድጉ ሲሆኑ፣ አንቲቦዲ የሚባለውን ፕሮቲን ወደ ደምና ወደ ልዩ ልዩ የሰውነት ፈሳሾች ያመነጫሉ። ቲ ሊምፎሳይት ደግሞ ከመቅኔ ወጥተው ከፍርምባ አጥንት በስተኋላ ባለው ታይመስ በሚባለው ዕጢ ውስጥ ያድጋሉ። እያንዳንዱ ሊምፎሳይት በገጽታው ላይ የራሱ ብቻ የሆነ መያዣ አለው። መክፈቻ ለቁልፉ እንደሚገጥም ሁሉ መያዣው የሚገጥመው ለተወሰነ ባዕድ ቅርጽ ነው።

ታዲያ ሰውነት አይቶት ለማያውቀው ጀርም የሚስማማ መያዣ ከወዴት ያገኛል? ቀደም ባለው ጊዜ ብዙ ሊቃውንት ሰም በማኅተም እንደሚቀረጽ አንቲቦዲም በባዕዱ ነገር ላይ ተለጥፎ ቅርጹን የሚይዝ ይመስላቸው ነበር። አውስትራልያዊው ማክፋርለን በርኔት በ1957 ነገሩን ገልብጦ አስረዳ። እንደ እርሱ አስተሳሰብ ነገሩ ደንበኛው ከመጣ በኋላ በልክ እንደሚሰፋ ልብስ ሳይሆን፣ አስቀድሞ በብዙ ዓይነት ልክ ተሰፍቶ ከተሰቀለው መካከል የሚስማማውን እንደ መምረጥ ነው። ጀርሙ ሲመጣ የሚስማማውን መያዣ የያዘው ሊምፎሳይት ብቻ ይነቃል፤ ይባዛል። ይህ የምርጫ ሕግ እስከ ዛሬ ድረስ የትምህርቱ መሠረት ሆኖ ቆይቷል።

የቀረው እንቆቅልሽ ያን ሁሉ ዓይነት መያዣ የሚያሠራው መመሪያ የት እንደተቀመጠ ማወቅ ነበር። የሰው ልጅ ጂኖች ቍጥር ወደ 20,000 ሲሆን የመያዣዎቹ ዓይነት ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ጃፓናዊው ሱሱሙ ቶኔጋዋ በ1976 እንዳሳየው፣ ሊምፎሳይት ሲያድግ የጂን ቁራጮችን ከየወገናቸው አንዳንድ እየመረጠ ይቀጥላል። ለአንቲቦዲ ከባዱ ሰንሰለት ብቻ ከ40 ገደማ ቁራጮች አንዱ፣ ከ23 ገደማ አንዱ፣ ከ6 ደግሞ አንዱ ይመረጣል። 40 በ23፣ ያም በ6 ሲባዛ 5,520 ዓይነት ይገኛል። ከቀላሉ ሰንሰለት ጋር ሲጣመር ከሚልዮን ያልፋል፤ በመገጣጠሚያው ላይ ሆነ ተብሎ በሚደረገው መጨማመርና መቀናነስ ደግሞ ዓይነቱ ለመቍጠር የሚያስቸግር ይሆናል። ቶኔጋዋ ስለዚህ ሥራው በ1987 የኖቤልን ሽልማት ተቀብሏል።

እንዲህ በዕጣ የሚሠራ መያዣ የራስን ሰውነት የሚይዝ ሊሆን እንደሚችል ግልጽ ነው። ስለዚህ ብርቱ ፈተና ያስፈልጋል። ዣክ ሚለር በ1961 ጥቅሙን ያሳወቀው ታይመስ ዕጢ ለቲ ሊምፎሳይት የፈተና ቤት ነው። የራስን ሰውነት መለያ ጨርሶ የማይለይ ሕዋስ ይጠፋል፤ የራስን አካል አጥብቆ የሚይዝም ይጠፋል። ከገቡት ከመቶ ከ90 የሚበልጡት በዚሁ ይቀራሉ። ፈተናውን አምልጠው የሚወጡ ጥቂቶች ስለማይታጡ በውጭም የሚገቱ ተቈጣጣሪ ሕዋሳት አሉ። ይህ ሁሉ ጥበቃ ሲፈርስ ሰውነት ራሱን ይወጋል፤ በልጅነት የሚጀምረው የስኳር በሽታ ሰውነት ኢንሱሊን የሚያመነጩትን የጣፍያ ጎረቤት የቆሽት ሕዋሳት በማጥፋቱ የሚመጣ ነው።

ከጭን እስከ ብሽሽት

የትምህርቱ ሂደት እንዲታይ በሕፃን ጭን ላይ የተሰጠ አንድ የክትባት መርፌ የሚያደርገውን መከተል ይጠቅማል። በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ከሚሰጠው ክትባት ውስጥ ኃይሉ የተሰበረ የመንጋጋ ቆልፍ መርዝ አለበት። መርዙ መግደል አይችልም፤ መልኩ ግን አልጠፋም።

መርፌው ባረፈበት ቦታ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተዘረጉ እጆች ያሏቸው ዘብ ሕዋሳት አሉ። ራልፍ ስታይንማን በ1973 ለይቶ ያወቃቸው እነዚህ ሕዋሳት ባዕዱን ነገር ውጠው፣ ቆራርጠው፣ ቁራጩን በገጽታቸው ላይ አንጠልጥለው በሊምፍ ቧንቧ ወደ ብሽሽት ዕጢዎች ይጓዛሉ። ሲያብጡ ሕዝቡ ንፍፊት የሚላቸው ዕጢዎች የሰውነት የገበያ ስፍራዎች ናቸው ማለት ይቻላል። በሚልዮን የሚቈጠሩ ሊምፎሳይቶች ከደም ወደ እነርሱ እየገቡ፣ የተንጠለጠለውን እየዳሰሱ፣ የማይስማማቸውን ትተው ያልፋሉ። አንዱ መያዣው የገጠመለት ጊዜ ግን ጉዞውን ያቆማል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የተሞላበት ሥርዓት ይታያል። ቢ ሊምፎሳይት ባዕዱን ነገር ብቻውን ቢይዝም በብዙ ሁኔታ ወደ ሥራ ለመሰማራት የረዳት ቲ ሊምፎሳይት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ረዳቱም በበኩሉ ያንኑ ቁራጭ ከዘቡ ሕዋስ እጅ አይቶ የነቃ መሆን አለበት። ሁለት ምስክሮች ሳይስማሙ ፍርድ አይሰጥም። ሌሎቹ ቲ ሊምፎሳይቶች፣ ማለትም ገዳዮቹ፣ ቫይረስ የገባበትን የራስ ሕዋስ ፈልገው ያጠፋሉ። ዚንከርናገልና ዶኸርቲ በ1974 እንዳሳዩት እነርሱም የቫይረሱን ቁራጭ የሚለዩት በራስ ሰውነት መለያ ላይ ተቀምጦ ሲያገኙት ብቻ ነው።

የተመረጠው ሊምፎሳይት በቀን ከ2 እስከ 4 ጊዜ እየተከፈለ፣ በ3 እስከ 5 ቀን ውስጥ ወደ 1,000 የሚሆን ዘር ያፈራል። በዕጢው ውስጥ የሚታየው እብጠትና ለመንካት የሚያምመው ስሜት ከዚህ የመጣ ነው። ከክትባት በኋላ ሕፃኑን ትንሽ ትኩሳት ቢይዘው ለእናቲቱ ሊነገራት የሚገባው ሰውነቱ እየሠራ መሆኑ ነው። ሆኖም አንቲቦዲ በደም ውስጥ እስኪታይ አንድ ሳምንት ገደማ ያልፋል። እውነተኛው በሽታ ቢሆን ኖሮ ጀርሙ በዚያ ሳምንት ውስጥ በነፃነት በተባዛ ነበር። ክትባት ለሰውነት የሚሰጠው ትልቁ ስጦታ እንግዲህ ጊዜ ነው። ጠላት ሳይመጣ ሳምንቱ ተከፍሎ ያድራል።

ሁለተኛው መርፌ ለምን?

የመጀመሪያው ዘመቻ ሲያበቃ ከተባዙት ሕዋሳት አብዛኞቹ ይሞታሉ። በደም ውስጥ ያለው ዋነኛው የአንቲቦዲ ዓይነትም በየ3 ሳምንቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። የሚቀሩት ሁለት ወገኖች ናቸው፤ በአጥንት መቅኔ ውስጥ ተቀምጠው ለዓመታት አንቲቦዲ የሚያመነጩ ሕዋሳትና፣ ተሰማርተው የሚጠባበቁ የትዝታ ሕዋሳት።

ዋናው ቁም ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የትዝታ ሕዋሳት እንዲያው ተቀምጠው የሚጠብቁ ብቻ አይደሉም። ከመርፌው በኋላ ባሉት ሳምንታት ቢ ሊምፎሳይቶች በዕጢው ውስጥ የአንቲቦዲ ጂናቸውን በጥቂት በጥቂቱ እየለዋወጡ ይፈተናሉ፤ ባዕዱን ይበልጥ አጥብቆ የሚይዘው ይኖራል፤ የላላው ይሞታል። ስለዚህ ሁለተኛው መርፌ ሲመጣ የሚያገኘው እንደ መጀመሪያው ጥሬ ተማሪ ሳይሆን የተጣራና የሠለጠነ ቡድን ነው። ምላሹ ፈጣን ይሆናል፤ መጠኑ ይበዛል፤ የሚወጣውም አንቲቦዲ የበለጠ የሚይዝ ይሆናል። ሦስተኛው መርፌ ይህንኑ ያጸናዋል። እንግዲህ ድግግሞሹ ያንኑ መልሶ መድገም ሳይሆን ትምህርቱን ከክፍል ወደ ክፍል ማሳደግ ነው። በሁለቱ መካከል ቢያንስ 4 ሳምንት እንዲያልፍ የተደነገገውም ማጣሪያው ጊዜ ስለሚፈልግ ነው።

ከዚህ የተነሣ በሥራ ላይ የሚጠቅም አንድ ፍሬ ነገር ይገኛል። ቀጠሮው ያለፈባት እናት ብትመጣ ክትባቱን ከመጀመሪያው መጀመር አያስፈልግም፤ ካቆመበት ይቀጥላል። የትዝታ ሕዋሳቱ ጠብቀዋታልና። የዘገየች እናት በተግሣጽ ከተቀበሏት በሚቀጥለው ጊዜ ጨርሶ ትቀራለች። «እንኳን ደኅና መጣሽ፤ የልጅሽ ሰውነት የመጀመሪያውን አልረሳም» ብትባል ግን እውነቱም ይኸው ነው፤ ልብም ያቀናል። መዘግየቱ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። በዚያ መካከል ሕፃኑ ያልተሟላ መከላከያ ይዞ ይኖራል፤ በተለይ ትክትክ በጨቅላነት ሲመጣ አደጋው የከፋ ነው።

ለኩፍኝ ክትባት ምክንያቱ የተለየ መሆኑን ማወቅ ይገባል። የኩፍኝ ክትባት ሕያው ሆኖ የደከመ ቫይረስ ስለሆነ አንዱ መርፌ ከተሳካ ብዙውን ጊዜ ለዕድሜ ልክ ይበቃል። በ9ኛው ወር ከሚከተቡት ከ100 ሕፃናት ግን የሚሳካላቸው ወደ 85 የሚሆኑት ናቸው። በ15ኛው ወር የሚሰጠው ሁለተኛው መርፌ በዋነኛነት ለቀሩት ነው። ማን ከቀሩት ወገን እንደሆነ በዓይን ስለማይለይ ሁሉም ይመጣሉ።

ከ9ኛው ወር በፊት ለምን አይሰጥም ቢባል መልሱ ያለው ከእናቲቱ ዘንድ ነው። በእርግዝና ጊዜ የእናት አንቲቦዲ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል። ከወሊድ በኋላም እንገሩና የጡት ወተቱ የአንጀትንና የጉሮሮን ገጽ የሚጠብቅ ሌላ አንቲቦዲ ይሰጣል። እንገርን ማፍሰስ ልጁን ከዚህ ስንቅ ማራቆት ነው። ነገር ግን ስንቁ ብድር ነው፤ በወራት ውስጥ ያልቃል፤ እስኪያልቅም ድረስ የክትባቱን ቫይረስ ራሱን ሊያከሽፈው ይችላል። እናት ለልጇ አንቲቦዲዋን ታውሰዋለች እንጂ ትዝታዋን አታወርሰውም።

ትዝታ የሚጎድልበትና የሚጠፋበት ጊዜ

በሽታ ሁሉ አስተማሪ አይደለም። ከመንጋጋ ቆልፍ በመከራ የዳነ ሰው በዚያው በሽታ ዳግም ሊያዝ ይችላል። መርዙ እጅግ ብርቱ ስለሆነ ሰውን ለመጣል የሚበቃው መጠን ሰውነትን ለማስተማር አይበቃምና። ስለዚህ የዳነው ሕመምተኛ ከሆስፒታል ሲወጣ ክትባት ያስፈልገዋል። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ በበኩሉ መልኩን ስለሚለዋውጥ የትናንቱ ትምህርት ለዛሬው በከፊል ብቻ ይሠራል።

የከፋው ግን ትዝታን የሚደመስሰው ነው። የኩፍኝ ቫይረስ ከሚያጠቃቸው ሕዋሳት መካከል የትዝታ ሊምፎሳይቶች ዋነኞቹ ናቸው። በኔዘርላንድ ያልተከተቡ 77 ልጆች ከኩፍኝ በፊትና በኋላ ደማቸው ተመርምሮ በ2019 የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ልጆቹ ለሌሎች ጀርሞች ከነበራቸው ልዩ ልዩ አንቲቦዲ ከ11 እስከ 73 ከመቶው ጠፍቶ ተገኝቷል። ከኩፍኝ ያገገመ ልጅ ከዚያ በኋላ በሳንባ ምችና በተቅማጥ ሲወድቅ መታየቱ በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው። ኩፍኝ የራሱን ስም ይጽፋል፤ የሌሎቹን ይፍቃል። ክትባቱ ግን የኩፍኝን ትምህርት የሚሰጠው ሌላውን ሳይፍቅ ነው። ስለሆነም «ኩፍኝ ለልጅ ያለ ነው፤ ይውጣለት» የሚለው የቆየ አነጋገር በለዘብታ ግን በጽናት ሊታረም ይገባዋል።

ኤች አይ ቪ ደግሞ የሚያጠቃው ሁለቱን ምስክሮች የሚያስማማውን ረዳት ቲ ሊምፎሳይት ነው። በጤነኛ ጎልማሳ ደም በአንድ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ከ500 እስከ 1,500 የሚሆኑት እነዚህ ሕዋሳት ከ200 በታች ሲወርዱ፣ አንቲቦዲ አመንጪውም ገዳዩም አዛዥ እንደሌለው ሠራዊት ይሆናል። መድኃኒቱን በወቅቱ ጀምሮ ሳያቋርጡ መውሰድ ቍጥሩ እንዲያገግም ያደርጋል።

የትውልድ አደራ

በኢትዮጵያ ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ በ1963 ዓ.ም. ተጀምሮ የመጨረሻው ሕመምተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በደቡብ ምሥራቅ የአገሪቱ ክፍል ተገኘ። በዓለም የመጨረሻው በተፈጥሮ የተላለፈ ሕመም በጥቅምት 1977 በሶማልያዋ መርካ ከተማ ታየ፤ በግንቦት 1980 የዓለም የጤና ጉባኤ የፈንጣጣን መጥፋት አወጀ። ከታችም ከላይም የሠራው የሰው እጅ ብዙ ነው፤ በእግርና በበቅሎ ተራራና ቆላ የወጡ የወረዱ ከታቢዎች ድርሻ ከሁሉ ይበልጣል። ሆኖም ድሉን ያስገኘው መርፌው ብቻ አልነበረም። መርፌው በጻፈበት ሰውነት ሁሉ ውስጥ ትዝታው ለዓመታት ነቅቶ በመቆየቱ ቫይረሱ የሚያድርበት ቤት አጣ።

ፈንጣጣ ስለጠፋ ልጆች በእርሱ ላይ መከተባቸው ቀርቷል። ኩፍኝ፣ ትክትክና ዘጊ አነዳ ግን አሉ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ዘርም በአፈርና በፋንድያ ውስጥ ስለሚኖር ከምድር የሚነቀል አይደለም። አያትና አባት የተማሩት ትምህርት ከእነርሱ ጋር ይሄዳል እንጂ በዘር አይተላለፍም። ዛሬ ሌሊት የሚወለደው ሕፃን ሚልዮን መያዣዎችን ይዞ ይመጣል፤ ከመካከላቸው የትኛው እንደሚያስፈልገው ግን ገና አልተነገረውም። ያንን በሰዓቱ የመንገር ኃላፊነት በዚህ ሙያ ላይ የተጣለ ነው። በእናት እጅ የምትሰጠው የክትባት ካርድ ላይ የምትሰፍረው እያንዳንዷ ቀን በልጁ ዕጢዎች ውስጥ የሚጻፈው ጽሑፍ ግልባጭ ናት። አንዱ መስመር ባዶ ሆኖ ሲታይ ባለሙያው የመዝገብ ጕድለት ብቻ ሳይሆን ያልተሰጠ ትምህርት መሆኑን ተገንዝቦ እናቲቱን ሊጠራት ይገባል።